ጥያቄ አለኝ፦ ዘንዶው፣ ካባውና ባለ ሄልሜት ጀግኖች

ለዚህ እትም ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚዞሩ ሆነው አገኘናቸው። ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ልብስ የለበሱት የጃፓን ጀግኖች ተረት ዓለም ገብተው ከጠንቋይና ከዘንዶ ጋር የሚፋለሙበት ክፍል ከካሜራው ጀርባ ምን ይመስላል? ያንኑ እዚህ፣ በስልክ ካሜራና በሰፈር ልጆች ለመሥራት የተነሱስ የት ላይ ይሰናከላሉ? ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አጣምረን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ቀዩ ጀግና ሲቀየር ሄልሜቱ ውስጥ ያለው ያው ልጁ ነው? እኔና ወንድሜ ተወራርደናል።
የ5ኛ ክፍል ተማሪ፣ ደሴ ፒያሳ

መልስ፦ “ሌላ ሰው ነው” ያለው በልቷል። ፊቱ የሚታየው ወጣት ተዋናይ ሌላ፣ ልብሱን ለብሶ የሚገለባበጠው ሌላ ነው። ልብስ ለባሾቹ የሠለጠኑ የስታንት (የአደገኛ ትዕይንት) ባለሙያዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ የመጡት ተዋናዩ ሶኒ ቺባ እ.ኤ.አ. በ1970 ከመሠረተው፣ ዛሬ ጃፓን አክሽን ኢንተርፕራይዝ ከሚባለው ቤት ነው። ሴቷ ጀግና ውስጥም አንዳንዴ ያለው ወንድ ነው። ድምፁ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ይቀዳል። በሚቀጥለው ጊዜ ስታዩ አንድ ነገር አስተውሉ፦ የሚናገረው ጀግና ራሱን ወይም እጁን ያንቀሳቅሳል፣ ሌሎቹ ጸጥ ብለው ይቆማሉ። አፍ ስለማይታይ፣ ይህ ካልተደረገ ከአምስቱ ማን እንደተናገረ መለየት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ልብስ ሰፊ ነኝ። ወጣቶች ለፊልም ብለው ሰውነት ላይ ልክክ የሚል ባለ ቀለም ልብስ አዘዙኝ። የመጀመሪያው ቁጭ ሲሉ ተተረተረ፣ ነጩ መስመርም ተጨማደደ። ጨርቁ ይሆን ጥፋቱ?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ጨርቁ አይደለም፣ ስፌቱ ነው። እንደ ሊክራ ያለ የሚለጠጥ ጨርቅ በቀጥታ ስፌት ሲሰፋ ጨርቁ ይለጠጣል፣ ክሩ ግን አይከተለውም፤ ስለዚህ ይበጠሳል። ማሽንዎን ጠባብ ዚግዛግ ላይ ያድርጉት፤ ወርዱ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ እርምጃው 2.5 ገደማ። ክሩ ፖሊስተር ይሁን። መርፌውም ለሹራብና ለሊክራ የሚሸጠው፣ ጫፉ ድብልብል ያለው ቁጥር 75 ይሁን። ሹል መርፌ የጨርቁን ክር እየቆረጠ ስለሚያልፍ፣ ልብሱ በተለጠጠ ቁጥር ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል።

ልኬቱ ላይ ደግሞ ዙሪያውን ብቻ ይቀንሱ። ደረቱ 100 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጨርቁን 88 ወይም 90 አድርገው ይቁረጡ። ቁመቱን ግን እንዳይነኩ፤ ከትከሻ እስከ ጉያ ያለው ርዝመት ካጠረ ልጁ ጎንበስ ባለ ቁጥር ልብሱ ከኋላ ይስበዋል፣ የሚተረተረውም እዚያው ነው። ጉያው ላይ አራት መስመር ስፌት አንድ ነጥብ ላይ እንዳይገናኝ፣ 10 በ16 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ባለ አራት ማዕዘን ሾጣጣ ቁራጭ ያስገቡበት።

ነጩን መስመር ከዚያው ከሊክራው ይቁረጡት፣ የሚለጠጥበትም አቅጣጫ ከልብሱ ጋር አንድ ይሁን። ልጁ ልብሱን ለብሶ ሳለ በስፒል ይያዙትና ከዚያ ይስፉት። ዚፑ ከጀርባ ይሁን፣ 55 ወይም 60 ሴንቲ ሜትር፤ ለባሹ ብቻውን መክፈት እንዲችል ጫፉ ላይ ሪባን ይታሰርበት። ጋሻ መሳዩን የደረት ስፖንጅ ግን ከልብሱ ጋር አይስፉት። በቬልክሮ የሚነሳ ካልሆነ ልብሱን ማጠብ አይቻልም፣ ከአንድ ቀን ቀረጻ በኋላ ደግሞ መታጠብ የግድ ነው። ጃፓኖች ለአንድ ጀግና ቢያንስ ሁለት ዓይነት ልብስ ይሠራሉ፤ አንዱ በቅርበት ለሚቀረጸው፣ ጠንካራና የሚያብረቀርቅ፣ ሌላው ለድብድቡ፣ ለስላሳና ቀላል። ደንበኞችዎ የሁለት ዋጋ ከከበዳቸው ሁለተኛውን የደረት ስፖንጅ ብቻ ቢያሠሩ ይበቃቸዋል።

ጥያቄ፦ ከስፖንጅ ምንጣፍ ሄልሜት ሠራን። መጀመሪያ ጠበበን፣ ካሰፋነው በኋላ ቀለሙ ተሰነጣጠቀ፣ ጠዋት ጦሳ ተራራ ላይ ስንቀርጽ ደግሞ መስታወቱ ላብ እየያዘ ጓደኛችን ምንም አላየም።
የፊልም ክበብ አባላት፣ ደሴ

መልስ፦ ሦስቱንም በቅደም ተከተል እንያቸው።

የጠበበው ስለ ውፍረቱ ስላላሰባችሁ ነው። ራስን በፌስታል ጠቅልሎ፣ በላዩ የወረቀት ፕላስተር ለጥፎ፣ መስመሩን ስሎና ቆርጦ ንድፍ ማውጣት ትክክለኛ መንገድ ነው። ነገር ግን ንድፉ የራሳችሁን ቆዳ ልክ ይሰጣችኋል። የ10 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ ሲጎብጥ የውስጠኛው ፊት ይጨመቃል፣ ስለዚህ ዙሪያው ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል መጨመር አለበት። ጆሮ እንዳይጫን ደግሞ ሌላ 2 ጨምሩ። በጣም ከሰፋ ከውስጥ በፍራሽ ስፖንጅ ይሞላል፤ የጠበበ ግን መድኃኒት የለውም። ማስቲሹን ሁለቱም ጠርዝ ላይ በስሱ ቀብታችሁ፣ በጣት ሲነካ እስከማይከተል ጠብቁ። ኮምቦልቻ 10 ደቂቃ የሚፈጀው በደሴ ብርድ እጥፍ ሊሆን ይችላል። እርጥብ እያለ የተገጠመ ማስቲሽ ነገ ይለቃል። ሥራው ደጅ ወይም መስኮት ተከፍቶ ይሁን፣ ሽታው ራስ ያዞራል።

ቀለሙ የተሰነጣጠቀው ሁለት ነገር ስለተዘለለ ነው። ስፖንጅ ቀለም ይጠጣል፤ መጀመሪያ ሁለት እጅ ኮላ በአንድ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አራት ጊዜ ቀቡት፣ እያንዳንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብ። ቀጥሎ የዘይት ቀለም አትጠቀሙ፤ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ይገትራል፣ ስፖንጁ ሲታጠፍ ይፈነዳል። በውሃ የሚበጠበጠው የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ከሥር፣ ስፕሬይ በስሱ ከላይ። ከኮላው በፊት ስፖንጁን ከምድጃ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ማሞቅ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፣ ቅርጹንም ያጸናል። ፊቱ ማብረቅ ሲጀምር አንሱት፣ አንድ ሰከንድ ካለፈ ይኮማተራል።

ላቡ ፊዚክስ ነው፤ የሞቀና የረጠበ ትንፋሽ ቀዝቃዛ ፕላስቲክ ሲነካ ጤዛ ይሆናል። ከአገጭ ሥር ሁለት፣ ከማጅራት አንድ፣ እያንዳንዳቸው 2 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑ ቀዳዳዎች ክፈቱ፤ አየር ከታች ገብቶ ከኋላ ይውጣ። አፍና አፍንጫን ከዓይን አካባቢ የሚለይ ስስ የስፖንጅ ድልድይ ከውስጥ ለጥፉ። አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና መስታወቱ ላይ ቀብቶ በደረቅ ጨርቅ እስኪጠራ መወልወል ለጥቂት ቀረጻ ያገለግላል። መስታወቱ ራሱ ለሞተር ሳይክል ሄልሜት መለዋወጫ ከሚሸጠው ጠቆር ያለ ዓይነት ቢቆረጥ ጥሩ ነው። ሄልሜቱ ከፊትና ከኋላ ሁለት ቦታ የሚከፈል ይሁን፤ የጃፓኖቹም እንዲያ ነው። ከላይ የሚጠለቅ ሄልሜት ለሚታፈን ሰው ቶሎ አይወልቅም። “ቁረጥ” በተባለ ቁጥር ይውለቅ፣ ኮምቦልቻ እኩለ ቀን ላይ ከሆነማ ከ10 ደቂቃ በላይ አይቆይ።

ጥያቄ፦ ግዙፉ ጀግናና ዘንዶው ከተማ መሐል ሲጋጩ እውነት ይመስላል። እኛ ጓደኛችንን በካርቶን ቤቶች መሐል ስናስሮጠው ግን በካርቶን መሐል የሚሮጥ ጓደኛችን ብቻ ሆነ። ምን ጎደለን?
ተማሪዎች፣ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት

መልስ፦ ጊዜ ነው የጎደላችሁ። አንድ ነገር ለመውደቅ የሚፈጅበት ጊዜ ከከፍታው ካሬ ሩት ጋር ያድጋል። ከ1 ሜትር የወደቀ ድንጋይ በ0.45 ሰከንድ መሬት ይደርሳል፣ ከ25 ሜትር የወደቀ በ2.26። ከፍታው 25 እጥፍ ሲሆን ጊዜው 5 እጥፍ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከተማችሁ ከእውነተኛው 25 ጊዜ ካነሰ እንቅስቃሴው 5 ጊዜ መዘግየት አለበት፤ ዓይን ትልቅነትን የሚያምነው ያኔ ነው። 1 ለ25 እ.ኤ.አ. በ1954 ከወጣው ከመጀመሪያው የጎድዚላ ፊልም ጀምሮ የታወቀ ልክ ነው። በዚያ ልክ 1.7 ሜትር ሰው 42.5 ሜትር ይሆናል፤ የግዙፉ የጃፓን ቴሌቪዥን ጀግና የኡልትራማን ቁመት 40 ሜትር ነው መባሉም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ስልካችሁ ይህን ያለ ተጨማሪ ወጪ ይሠራል። በ120 ፍሬም (በሰከንድ 120 ምስል) ቀርጾ በ24 ማጫወት በትክክል 5 እጥፍ ያዘገያል፣ ይኸውም የ1 ለ25 ልክ ነው። 60 ፍሬም የሚስማማው 1 ለ6 ለሚሆን ሞዴል ነው፣ 240 ደግሞ ለ1 ለ100። ይህ ስሌት ግን ለሚወድቅ፣ ለሚፈርስና ለሚበተን ነገር ነው። ግዙፉ አምስት እጥፍ እየዘገየ ቢራመድ ተመልካች ያዛጋል። ለእርምጃው 60 ይበቃል፤ የቀረውን ተዋናዩ ይሙላው፦ ጉልበቱን አጠፍ፣ እግሩን ከበድ፣ ሲዞርም መጀመሪያ ትከሻው፣ ቀጥሎ ራሱ።

የሚያበላሹት ነገሮች የታወቁ ናቸው። በ120 ፍሬም ለእያንዳንዱ ፍሬም የሚደርሰው ብርሃን በ24 ከሚደርሰው አንድ አምስተኛ ነው፤ ክፍል ውስጥ ከቀረጻችሁ ስልኩ ጨለማውን ለማካካስ ሲታገል ምስሉ በነጠብጣብ ይሞላል። የእኛ መብራት ደግሞ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፣ ከ120 ጋር ስለማይገጥም ቪዲዮው ብልጭ ድርግም ይላል። መፍትሔው ሞዴሉን ደጅ አውጥቶ በፀሐይ መቅረጽ ነው። ጃፓኖችም ብዙ ጊዜ ሞዴሉን ግቢ አውጥተው እውነተኛውን ሰማይ ጀርባ ያደርጉታል።

ሌላው የካሜራው ከፍታ ነው። መንገድ ላይ የቆመ ሰው ዓይን ከመሬት 1.6 ሜትር ላይ ነው፣ በ25 ሲካፈል 6.4 ሴንቲ ሜትር። ካሜራው ከዚያ በላይ ከሆነ ጣሪያውን ከላይ ታያላችሁ፣ ነገሩም የመጫወቻ ሜዳ ይሆናል። የስልክ ሌንስ ከላይ ጥግ ላይ ስለሚገኝ ስልኩን ገልብጡት፣ ሌንሱ መሬት ይነካል ማለት ይቻላል። ጀርባውን የሚያደበዝዘውን የፖርትሬት ሁነታ አጥፉት፤ ትልቅ ካሜራ ያላቸው ሰዎች ሞዴሉ ከፊት እስከ ኋላ እንዲጠራላቸው የሚለፉበትን ነገር የስልክ ትንሽ ሌንስ በነፃ ይሰጣችኋል።

ጥያቄ፦ ከላይኛው ጋር የሚያያዝ ነው። ቤቶቹን የደሴን ሰፈር አስመስለን ሠራን፣ የቆርቆሮ ጣሪያው ግን አላምን አለ።
የሥዕል ተማሪ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ

መልስ፦ ጣሪያውን ከካርቶን ሆድ ዕቃ ሠርታችሁት ይሆናል። የእውነተኛ ቆርቆሮ አንድ ሞገድ 76 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በ1 ለ25 ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የተለመደ የዕቃ ካርቶን ሞገድ ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ወደ እውነተኛው ልክ ሲመለስ ከ15 እስከ 22 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቆርቆሮ ይሆናል። እንዲህ ያለ ቆርቆሮ በየትኛውም ሰፈር የለም፣ ዓይንም ይህን ሳይቆጥር ያውቀዋል። የወጥ ቤት አልሙኒየም ፎይል ሁለት አጥፋችሁ፣ የጥርሶቹ ርቀት 3 ሚሊ ሜትር የሚሆን ማበጠሪያ ላይ በጣት ጫፍ ጫን ጫን አድርጉት። ጭረቱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። 2 ሜትር ቆርቆሮ 8 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በዚያ ልክ ቆራርጣችሁ አንዱን በአንዱ ላይ ትንሽ ደርቡት። ዝገቱ የደረቀ የቡና አተላ በኮላ ተለውሶ፣ ሚስማሩ ባለበትና ጠርዙ ላይ ብቻ። ሁሉንም ካዛጋችሁት ይበላሻል።

የሚፈርሰው ግድግዳ ከጄሶ ይሠራ፤ ውፍረቱ ከ5 ሚሊ ሜትር አይበልጥ፣ ከጀርባው በምላጭ እስከ ግማሹ እየተሰነጠቀ። በማስቲሽ ሳይሆን በሸክላ ጭቃ ነጥብ ነጥብ ብቻ ይያዝ። ሩቅ ያለው ተራራ በጣም ከጠራ ደግሞ በሞዴሉና በተራራው መካከል ነጭ የቬሎ ጨርቅ ወጥሩ፤ ካሜራው ጨርቁን አያየውም፣ ተራራው ግን በጭጋግ ውስጥ ይገባል።

ጥያቄ፦ ዘንዶውን ሙሉውን መሥራት አቃተን።
መምህር፣ ከደሴ

መልስ፦ ሙሉውን ማንም አይሠራም። በቴሌቪዥን ክፍል ውስጥ የምታዩት ዘንዶ ብዙ ጊዜ ለቅርብ ሾት ጭንቅላትና አንገት ብቻ፣ ለሩቅ ሾት ደግሞ ትንሽ አሻንጉሊት ወይም የኮምፒውተር ሥዕል ነው። በኤዲቲንግ ይገጣጠማል። እንግዲህ 2 ሜትር የሚሆን አንገት ይበቃችኋል፦ ከተሰነጠቀ ቀርከሃ የተጠቀለሉ ቀለበቶች በየ15 ሴንቲ ሜትሩ፣ በገመድ ተያይዘው፣ በላያቸው 3 ሴንቲ ሜትር የፍራሽ ስፖንጅ። አንድ ሰው ከውስጥ፣ አንድ ሰው ከኋላ።

መንጋጋው በብስክሌት ፍሬን ገመድ ይከፈታል። የፍሬኑ መያዣ በሠራተኛው እጅ፣ የገመዱ ጫፍ ከታችኛው መንጋጋ መገጣጠሚያ 4 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ይታሰራል፤ እዚያው መገጣጠሚያው ላይ ከታሰረ ጉልበት ያጣል። ለመመለሻው ከብስክሌት የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ። የሚያስቸግረው ገመዱ በጠባብ ሲጠማዘዝ ሽፋኑ ውስጥ መያዙ ነው፤ ኩርባው ከሲኒ ማስቀመጫ ክብ አይጥበብ፣ ሽፋኑም ውስጥ ጥቂት የማሽን ዘይት ይግባ።

ቆዳው ሶፍት በኮላ እየተነከረ፣ በጣት እየተጨማደደ ሲለጠፍ ያምራል። ቀለሙ ከጥቁር ይጀምር፣ አረንጓዴው ወይም ቀዩ ከላይ በደረቅ ብሩሽ ይታሸት፤ ያኔ ጥቁሩ ስንጥቁ ውስጥ ይቀራል። ዓይኑና ድዱ ላይ ግን ቫርኒሽ ደረብ ደረብ አድርጉ። እርጥብ የሚመስል ዓይን ዘንዶውን ነፍስ ይሰጠዋል፤ ደረቅ ዓይን ያለው ዘንዶ የቱንም ያህል ቢያገሳ አሻንጉሊት ነው።

ጥያቄ፦ ጀግኖቹ ስማቸውን ጠርተው ሲቆሙ ከኋላቸው የሚነሳው እሳት እንዴት ነው? በቤንዚን ብንሞክርስ?
ከኮምቦልቻ፣ ሁለት ጓደኛሞች

መልስ፦ አትሞክሩ። ጃፓን ውስጥ ያ እሳት ብዙ ጊዜ እውነተኛ ነው፤ ፈቃድ ያላቸው የፈንጂ ባለሙያዎች ቤንዚንና ባሩድ በመሬት ውስጥ ቀብረው፣ ርቀቱን ለክተው፣ ከሰው ርቆ ያነሱታል። ለዚህ ከታወቁት ቦታዎች አንዱ በቶቺጊ ግዛት የሚገኘው የኢዋፉኔ ተራራ አሮጌ የድንጋይ ካባ ነው። የእናንተ ልብስ ሊክራና ስፖንጅ ነው፣ ሲነድ አይከስልም፣ ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ዱቄት መበተንም መፍትሔ አይደለም፤ አየር ላይ የተበተነ ዱቄት የእሳት ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል።

የሚሠራው ይህ ነው፦ አፈር በወንፊት ነፍታችሁ አድርቁ፣ ሁለት ሊትር ያህሉን 1 ሜትር ጣውላ ጫፍ ላይ ክመሩ፣ ጣውላውን ድንጋይ ላይ እንደ ሚዛን አስቀምጡና ሌላኛውን ጫፍ በእግር ርገጡ። ከጀግኖቹ 3 ሜትር ወደ ኋላ፣ ነፋሱም ከካሜራው ወደዚያ የሚነፍስ ይሁን። በ120 ፍሬም ከቀረጻችሁት ጥሩ የአፈር ምሰሶ ይሆናል፤ ብርቱካናማውን ብልጭታ ሁለት ፍሬም ብቻ በኤዲቲንግ ጨምሩበት።

በእኛ አካባቢ የሚጨመር ነገር አለ። የፍንዳታ ድምፅ በአደባባይ አታሰሙ፣ ጠመንጃ የሚመስል ነገርም ይዛችሁ አትውጡ፤ ጦርነቱን ያየ ሕዝብ ነው፣ ቀበሌንና ፖሊስን ቀድማችሁ ሳታሳውቁ አትቅረጹ። የድንጋይ ካባ ውስጥም ሆነ ገደል ሥር ያልታወቀ ብረት ካያችሁ አትንኩ፣ ቦታውን ለፖሊስ አመልክቱ።

ጥያቄ፦ ልጄ ካባ አስሮ ከቤት ጣሪያ ሊዘል ነው። “ፊልሙ ላይ እንዲህ ነው” ይለኛል።
እናት፣ ደሴ

መልስ፦ እናታችን፣ ፊልሙ ላይ እንዲህ እንዳልሆነ ያሳዩት። ያ ዝላይ ሦስት ቁራጭ ነው። መጀመሪያ ተዋናዩ ጎንበስ ብሎ ከምስሉ ይወጣል፣ 30 ሴንቲ ሜትር ቢነሳ ይበቃል። ቀጥሎ ካሜራው መሬት ላይ ተኝቶ ወደ ሰማይ እያየ፣ ተዋናዩ ከትንሽ ትራምፖሊን ወይም ከአግዳሚ ወንበር ፍራሽ ላይ ይዘላል፤ ምስሉ ውስጥ መሬት ስለማይገባ ከየት እንደዘለለ ማንም አያውቅም። በመጨረሻ ቆሞ ሳለ ተንበርክኮ ወደ ምስሉ ይገባል። ከጣሪያ ቢዘል ኖሮ ካሜራው ራሱ አያምርለትም ነበር፣ ከላይ ሲታይ ሰው ያጥራልና።

ካባው ግን አንገቱ ላይ እንዳይታሰር አደራ። በትከሻው ግራና ቀኝ በቁልፍ ወይም በቬልክሮ ይያዝ፣ ሲሳብ የሚላቀቅ ይሁን። ርዝመቱ ከተረከዝ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ሳቲን በቀላሉ ይበራል፣ ከፋይ ይከብዳል ግን ንጉሣዊ ይመስላል፤ ጋቢ ጥሩ የጠንቋይ ካባ ይወጣዋል፣ በጉም ውስጥ እርጥበት ሲጠጣ ግን ትከሻ ይጎትታል።

ጥያቄ፦ አረንጓዴው ጀግናችን ግሪን ስክሪን (በኤዲቲንግ ሌላ ምስል የሚተካበት አረንጓዴ ጨርቅ) ፊት ሲቆም ጠፋ፣ ራሱና እጁ ብቻ ቀረ።
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እሱን ሰማያዊ ጨርቅ ፊት፣ ሰማያዊውን ደግሞ አረንጓዴ ፊት ለየብቻ ቅረጹ፣ በኤዲቲንግ ይገናኛሉ። ጨርቁ የማያብረቀርቅ አቡጀዲ ይሁን፣ በካውያ ይተኮስ፣ ጀግናው ከጨርቁ 2 ሜትር ይራቅ። ብርማ ጋሻ የጨርቁን ቀለም ስለሚያንጸባርቅ ለዚያ ቀን በጥቂት ፓውደር ይደብዝዝ።

ጥያቄ፦ ድምፁን በኋላ ቀድተን ስናስገባው ሲጀምር ይገጥማል፣ ሁለት ደቂቃ ሲሆን ይንሸራተታል።
የፊልም ክበብ፣ ደሴ

መልስ፦ ስልኩ እንደ ብርሃኑ ሁኔታ በሰከንድ የሚይዘውን ፍሬም ስለሚቀያይር ነው። ቪዲዮውን ከኤዲቲንግ በፊት ቋሚ 25 ወይም 24 ፍሬም አድርጋችሁ ቀይሩት፣ ድምፁም በ48 ኪሎ ኸርዝ ይቀዳ። የባጃጅና የድምፅ ማጉያ ጩኸት ስላለ ቀን ላይ መንገድ ዳር የተቀዳውን ለመጠቀም አትድከሙ፤ ቁም ሳጥን አጠገብ ሦስት ብርድ ልብስ ተሰቅሎ፣ አፍ ከማይክ አንድ ስንዝር ርቆ ይቀዳ። የሄልሜት ጀግና ከንፈር ስለሌለው ግማሽ ሰከንድ ቢዛነፍ ማንም አያውቅባችሁም፣ የሰይፉ ድምፅ ግን በጥቂት ፍሬም እንኳ ከዘገየ ይታወቃል።

ጥያቄ፦ ገንዘብም ጊዜም የለንም። ተከታታይ ክፍል መሥራት ይቻላል? የተረቱን ዓለምስ የት እንቅረጸው?
ከብዙ አንባቢያን

መልስ፦ ጃፓኖቹም ገንዘብ የሚቆጥቡበት ዘዴ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 በጎሬንጀር የተጀመረው የባለ አምስት ቀለም ጀግኖች ተከታታይ በየሳምንቱ፣ በዓመት ወደ 50 ክፍል ይወጣ የነበረ ሥራ ነው። አንድ ዳይሬክተር ብዙውን ጊዜ ሁለት ክፍል አንድ ላይ ይቀርጻል፤ ሞዴሉንና ግዙፎቹን የሚቀርጽ ሌላ ቡድን ጎን ለጎን ይሠራል። የመለወጫው ትዕይንት አንዴ በጥንቃቄ ይቀረጽና በየክፍሉ ይደገማል። ያለፈው ጭራቅ ቀንዱ ተነቅሎ፣ ቀለሙ ተቀይሮ ሌላ ጭራቅ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የአሜሪካው ፓወር ሬንጀርስም ድብድቡን በብዛት የወሰደው ከአንድ ዓመት በፊት ከተሠራው የጃፓኑ ጁሬንጀር ነው። እናንተም ከመለወጫው ጀምሩ፣ 15 ሰከንድ፣ ሌላው ይከተላል።

ቦታውን በተመለከተ እናንተ ከቶኪዮ የተሻለ ዕድል አላችሁ። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች፣ በመኪና ግማሽ ቀን ሳይሞላ ደርሶ መልስ የሚኬድባት ከተማ ናት። ሞቃትና ጥርት ያለው የኮምቦልቻ ብርሃን የጀግኖቹ የዕለት ተዕለት ዓለም ይሁን፣ ጉም የተጫነው የጦሳ ዳገት ወይም የአዝዋ ገደል አፋፍ የተረቱ ዓለም። ቤተ መንግሥት ካስፈለገ አይጠየፍ አዳራሽን ከውጭ ለመቅረጽ የባህልና ቱሪዝም ቢሮን በደብዳቤ ጠይቁ፤ ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሳም።

ጉም ውስጥ ስልክ ነጩን ሁሉ ወደ ግራጫ ያወርደዋል። የካሜራውን የብርሃን ማስተካከያ በ0.3 ወይም በ0.7 ከፍ አድርጋችሁ ቆልፉት፣ የቀለም ሚዛኑንም እንዲሁ፤ ካልተቆለፈ በየሾቱ ጉሙ አንዴ ሰማያዊ አንዴ ቢጫ ይሆናል። ጉም አይጠብቅም፣ ስለዚህ ሰፊውን ሾት መጀመሪያ፣ የፊትና የእጅ ቅርብ ሾቶችን በመጨረሻ ቅረጹ፤ ጉሙ ቢገለጥ እንኳ ቅርቡን ከቬሎ ጨርቅ ጀርባ መጨረስ ይቻላል። በዚያው ቀን በሐረጎ መንገድ ወደ ኮምቦልቻ የምትወርዱ ከሆነ፣ የቀዘቀዘው ስልክ ሞቃት አየር ሲያገኝ ሌንሱ ላብ ይይዛል። ከደሴ ሳትነሱ ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ክተቱት፣ ከደረሳችሁ በኋላም ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አትፍቱት።